ቶሊዶ እምቢ ያለችበት ቀን

እኛ «ኳስ» ካልን እግር ኳስ ነው። ለስፔሻላይዜሽን ኦሃዮ መጥቼ የሥራ ባልደረቦቼ ቶሊዶ ከተማ ጨዋታ ሊያሳዩኝ እስኪወስዱኝ ድረስ፣ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ብቻ ነበር። የዛሬው የከተማዋ ቡድን «መድ ሄንስ» ይባላል፤ የረግረግ ዶሮዎች እንደማለት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከእሱ በፊት የነበረው ቡድን ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1883 ቶሊዶ ወደ 50 ሺህ ሕዝብ ያላት ከተማ ነበረች። ቡድኗም ከትልልቆቹ በታች በነበረው በኖርዝዌስተርን ሊግ ይጫወት ነበር። ካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች፣ ሞዘስ ፍሊትዉድ ዎከር የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር። አባቱ ቄስም ሐኪምም ነበሩ፤ በኦሃዮ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሐኪሞች አንዱ። ልጁ ኦበርሊን ኮሌጅ ገባ፣ ቀጥሎም ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ለሁለቱም ተጫውቷል።

በዚያን ጊዜ ካቸሮች የዛሬው ወፍራም ጓንት አልነበራቸውም። ዎከር አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን የሚቀልበው በባዶ እጁ ነበር። የእጅ አጥንት ስብራት ያከመ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ኦገስት 10 ቀን ታዋቂው የቺካጎ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ቶሊዶ መጣ። መሪው ካፕ አንሰን ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም አለ። የሚገርመው ዎከር እጁ ስለተጎዳ ያን ቀን እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። የቶሊዶው አሠልጣኝ ቻርሊ ሞርተን ዝም ቢል ነገሩ በሰላም ያልፍ ነበር። እሱ ግን የአንሰንን ንግግር ሲሰማ ዎከርን ሜዳ አስገባው፤ ካልተጫወታችሁ ከመግቢያው ገቢ ድርሻችሁ ይቀራል አለ። አንሰን ገንዘቡን አስቦ እያጉረመረመ ተጫወተ። ቶሊዶ በዓመቱ መጨረሻ የሊጉ አሸናፊ ሆነች።

በ1884 ቡድኑ ወደ ትልቅ ሊግ አደገ። ዎከር 42 ጨዋታ ተጫወተ፤ ወንድሙ ዌልዲም ተቀላቀለው። ችግሩ ግን ከተጋጣሚ ብቻ አልመጣም። የራሱ ቡድን ፒቸር ቶኒ ሙላን፣ ዎከር አብረውኝ ከሠሩት ካቸሮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፣ ጥቁር ስለማልወድ ግን ምልክቱን ሳላይ የፈለግሁትን እወረውር ነበር ብሎ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ ሳያውቅ በባዶ እጁ የሚቀልብ ሰው አስቡት።

በ1887 ዎከር ለኒዋርክ እየተጫወተ ሳለ አንሰን ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። አሁን ተሳካለት፤ የኒዋርኩ ጥቁር ፒቸር ጆርጅ ስቶቪ ሳይጫወት ቀረ። በዚያው ቀን፣ ጁላይ 14፣ የኢንተርናሽናል ሊግ ኃላፊዎች ከጥቁር ተጫዋች ጋር አዲስ ውል እንዳይፈረም 6 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ዎከር እስከ 1889 ቆየ። ከእሱ በኋላ በዚያ ሊግ ጥቁር ተጫዋች የታየው በ1946 ነው፤ እሱም ለሞንትሪያል የተሰለፈው ጃኪ ሮቢንሰን። የሁለት ሰው ድምፅ ልዩነት ከሃምሳ ዓመት በላይ በር ዘጋ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሬዚደንትነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። አንድ ታካሚ አነጋገሬን ሰምተው «ሌላ ሐኪም ጥሩልኝ» አሉ። አለቃዬ ቀና ብሎ «ሐኪምዎ እሷ ናት» አለና ሥራውን ቀጠለ። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ፣ ያንኑ ቃል ስሰማ በክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ነበር። ሁሉም ዝም አለ፤ እኔም ወጣሁ። ሁለቱንም ቀኖች እኩል አስታውሳቸዋለሁ።

ሞርተን ጻድቅ ነበር አልልም፤ ስለ ትኬቱም ሳያስብ አልቀረም። ቢሆንም በሰዓቱ ተናገረ። ከመካከላችን ዛሬ መምህርና የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። የክልሉ፣ የሃይማኖቱ ወይም የአነጋገሩ ነገር ተነሥቶ ተማሪያችሁ አንገቱን ሲደፋ ካያችሁ፣ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቁ፤ እዚያው፣ በታካሚው አልጋ አጠገብ ተናገሩ።

ለሚቀጥለው ዓመት በሰላም ያገናኘን።