ከፊልም ጥቅል እስከ ሚሞሪ ካርድ፤ የጠፋ ምስል ታሪክ

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ አስቀድሞ ሽቅብ ይወጣና የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራ የቆመበት፣ የማለዳ ውርጭ ሣሩን የሚያነጣበት ይህ ስፍራ የሠዓሊንም የፊልም ቀራጭንም ዓይን ሲስብ ኖሯል። በዓለም ላይ 500 እንኳ ከማይሞሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚገኙት በእነዚሁ የባሌ ተራሮች ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ምድር ላይ አንድ ጊዜ የተቀረጸ ምስል ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ በወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ፣ ወረርሽኙ በደረሰበት ክፍል ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ከዚያ ዓመት በፊት የነበረውን መንጋ የቀረጸ ሰው ምስሉ ቢጠፋበት፣ በማግስቱ ካሜራውን አንግቦ ቢመለስ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው።

ጉዳዩ ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሲኒማ ታሪክ በተሠሩ ፊልሞች ብቻ ሳይሆን በጠፉትም ጭምር የተጻፈ ስለሆነ፣ የኪነ ጥበብ ሰው ሊመለከተው ይገባል። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በዚያች አገር ከተሠሩት ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። እሳት የበላው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የፎክስ ኩባንያ መጋዘን የተቃጠለው ፊልሙ የተሠራበት ናይትሬት በቀላሉ የሚነድድ ስለ ነበረ ነው። ሌላው ደግሞ በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሲባል ሆን ተብሎ ተደምስሷል። ሆኖም ሴሉሎይድ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ተቀርጾ አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ሌላ ምስል አይቀበልም። ስለዚህ ያረጀ ጥቅል ቢጣል እንጂ በላዩ ሌላ ሥራ አይቀረጽበትም ነበር።

መግነጢሳዊ ቴፕ ሲመጣ ይህ ጠባይ ተለወጠ። ቴፕ ይጠፋል፣ ይጻፍበታል፣ ደግሞ ይጠፋል። እዚህ ላይ መጥፋት ከአደጋነት ይልቅ የቁጠባ ልጅ ሆነ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የተቀዳው የመጀመሪያው ጥራት ያለው የቴሌቪዥን ምስል ያረፈባቸው ቴፖች ከጊዜ በኋላ ባዶ ቴፕ ስላጠረ ተጠርገው ለሌላ ሥራ እንደ ዋሉ ናሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ዛሬ የምናየው በየቴሌቪዥን ጣቢያው ከቀሩ ቅጂዎች ተሰብስቦ የታደሰ ነው። የሰው ልጅ ከተቀረጹት ምስሎቹ ሁሉ ይበልጥ ዝነኛ የሆነው እንዲህ ከተያዘ፣ ለሌላው ምን ሊደረግ ይችላል?

የእኛም ሲኒማ ምስክር አለው። ኃይሌ ገሪማ የንጉሡ ሥርዓት በሚወድቅበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በኢትዮጵያ ገጠር በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በጣሊያን ከተማ በቦሎኛ ሊታደስ የበቃው፣ የሚታደስ ፊልም በእጅ ስለ ነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአገራችን ፊልም ሠሪዎች ወደ ቪዲዮ ካሴት ሲዞሩ፣ ቀጥሎም ወደ ዲጂታል ካሜራ ሲሻገሩ፣ ሥራው በርክሷል፤ ብዙ ወጣትም ወደ ሙያው ገብቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። የሚታደሰው ነገር ግን የሚቀመጥበት ስፍራ ጠቧል።

የዛሬው ካርድ መሠረት የሆነውን ፍላሽ ሚሞሪ ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም አቅርቦታል። የኤስዲ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከተለ። የፖስታ ቴምብር በምታክል ቁራጭ ላይ የአንድ ሳምንት ልፋት ያርፋል። ካርዱ የቴፕን ጠባይ ወርሷል፤ እንዲያውም አብሶበታል፤ ሲሞላ በአንድ አዝራር ባዶ ይሆናልና።

የሳነቴ ብርድ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ብርድ የባትሪን ኃይል ያዳክማል፤ ካሜራውም በቀረጻ መካከል ድንገት ሊጠፋ ይችላል። በብዙ ካሜራዎች የፋይሉ ማውጫ፣ ማለት የትኛው ሥዕል ከየት እንደሚጀምርና ድምፁ የት እንደሚገባ የሚናገረው ክፍል፣ የሚጻፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። ኃይሉ ቀድሞ ከተቋረጠ ምስሉ በካርዱ ላይ እያለ የሚከፍተው ይታጣል። ማውጫው የተቀደደ መጽሐፍ ገጾቹ እንዳልጠፉ ሁሉ፣ ይህም አልጠፋም። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አቀራረጽ የተወሰደ አንድ ጤነኛ ፋይል ካለ፣ የጥገና ፕሮግራሙ ከእርሱ አሠራሩን አይቶ የተሰበረውን መልሶ ሊገጥመው ይችላል።

በስሕተት የተሰረዘውም እንዲሁ ነው። በብዙ ካሜራዎች ፎርማት ሲደረግ የሚታደሰው ማውጫው ብቻ ሲሆን ሥዕሉ ሌላ ቀረጻ እስኪጻፍበት በስፍራው ይቆያል፤ ጠራርገው የሚያጠፉም ካሜራዎች ስላሉ ግን በዚህ መመካት አይገባም። እንግዲህ ወሳኙ ሰዓት የጠፋበት ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ደንግጦ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ አንድ ደቂቃ የሚቀርጽ ሰው፣ ሊድን ይችል የነበረውን በገዛ እጁ ይሸፍነዋል። ልምድ ያላቸው ካርዱን አውጥተው በጎኑ ያለውን መቆለፊያ ይዘጋሉ፤ ከዚያም ካርዱን እንዳለ፣ ባዶ የሚመስለውን ክፍል ሳይቀር፣ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጡና የፍለጋውን ሥራ በግልባጩ ላይ ብቻ ያካሂዳሉ። እንደ ፎቶሬክ ያለው መፈለጊያ ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ በዚህ በኩል ድህነት ሰበብ አይሆንም። ዲስኩ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ በገጠር ለሚሠራ ቀራጭ ካርዱን ባዶ የሚያስደርገው ይኸው እጥረት ነው፤ ከናሳ ቴፖች ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው።

በባሌ ጉዳዩን የሚያስቸኩለው ቀይ ቀበሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 በባሌ የተካሄደውን የገበሬ አመፅ ያዩና የታገሉ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከአመፁ መሪዎች ዋነኛው ዋቆ ጉቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ዐርፈዋል። አመፁ በብዛት የኖረው በሽማግሌዎች ቃልና በገራርሳ ዜማ ውስጥ ስለሆነ፣ ዛሬ በአንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሚቀረጽ የሁለት ሰዓት ቃል ለታሪክ ጸሐፊ ከመዝገብ ወረቀት አያንስም። ተራኪው ካረፈ በኋላ የሚጠፋ ካርድ የሚያስከትለውን የቀይ ቀበሮው ምሳሌ ይናገራል።

መፈለጊያው ፕሮግራም ምስሉን ሲመልስ ስሙን ግን ብዙ ጊዜ አይመልስም። የፋይሉ መጠሪያ የሚጻፈው በጠፋው ማውጫ ውስጥ ስለሆነ፣ ከካርዱ የሚወጡት ተራ ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው ቁርጥራጮች ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ማን በየትኛው መንደር እንደ ተናገረ አይታወቅም። በቀረጻው መጀመሪያ ተናጋሪው ስሙንና ቀበሌውን በራሱ አንደበት እንዲናገር የተደረገ እንደሆነ ቁርጥራጩ ራሱን ያስተዋውቃል። ያ ካልተደረገ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወደ መንደሩ መመለስ ይቀራል። በዚያ አንዲት አሮጊት ፊቱን አይተው፣ ወይም የገራርሳውን አወራረድ ሰምተው፣ «ይህማ የእገሌ ልጅ ነው» ይላሉ፤ ቀራጩም ያንን በቁጥሩ ፈንታ ይጽፋል።