የማንቂያ ንክኪ

«ስዊች» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የኔትወርክ ስዊች ግን ኮምፒውተሮችን፣ ካሜራዎችንና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን በኬብል አገናኝቶ መረጃ የሚያቀባብል ሳጥን ነው። ለፋብሪካ፣ ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያና ለቴሌ ማማ የሚሠራው ዓይነት ሙቀትና ንዝረት ይችላል። ብዙ ጊዜም ከኃይል መግቢያው ጎን፣ በቢሮ ስዊች ላይ የማይገኙ ሁለት የብሎን ማሰሪያዎች አሉት። ባለሙያዎች «አላርም ኮንታክት» ይሏቸዋል፤ እኔ «የማንቂያ ንክኪ» ብላቸው እመርጣለሁ። ማንቂያ ደወልን ሁሉም ያውቃል፤ ንክኪውም ሁለት ብረቶች ሲነካኩ መስመሩ እንደሚገናኝ፣ ሲለያዩ እንደሚቋረጥ ይናገራል።

አሠራሩ ከሚጠበቀው የተገላቢጦሽ ነው። በብዙዎቹ ስዊቾች ላይ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ውስጥ ያለው ሪሌይ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማገናኛ ኃይል አግኝቶ ንክኪውን አገናኝቶ ይይዛል። ኃይል ሲቋረጥ ወይም ክትትል የተደረገበት ኬብል ሲነቀል ሪሌይው ይለቃል፤ ንክኪው ይከፈታል። ሌሊቱን በየጊዜው «አለሁ» እያለ የሚጣራ ዘበኛ ዝም ሲል ሰፈሩ እንደሚነቃው ማለት ነው። ስለዚህ የማንቂያው ሽቦ ራሱ ቢበጠስም ምልክቱ ይደርሳል። ንክኪው በራሱ ኃይል አያመነጭም፤ ብዙ ጊዜ የሚችለውም 24 ቮልት ላይ 1 አምፔር ያህል ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ሳይረን በቀጥታ ከታሰረበት ንክኪው ሊቃጠል ይችላል።

ከየጁቤ እስከ ብቸናና ሞጣ ላለ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ ክረምት ላይም መብረቅ አለ። መሣሪያው ያለበት ቦታ ሰው የማይውልበት ከሆነና ባለሙያው ከደብረ ማርቆስ የሚጠራ ከሆነ፣ ማንቂያ ከሌለ ብልሽቱን መጀመሪያ የሚያውቀው አገልግሎት የተቋረጠበት ተጠቃሚ ነው። ይህ ሊሆን አይገባም።

ስዊቹ ሲታሰር አስቀድሞ ኃይሉ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የኤርዝ ሽቦ ከመሬት ጋር በደንብ ይያያዛል። መብረቅ ባለበት አገር ይህን መዝለል መሣሪያውን አሳልፎ መስጠት ነው። ከዚያ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሳይምታቱ ሁለቱም የኃይል መግቢያዎች ይታሰራሉ፤ የስንት ቮልት እንደሆኑ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ሁለት መግቢያ የተሰጠው አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካ ነውና አንዱ ከመብራት በኮንቨርተር፣ ሌላው ከባትሪ ይምጣ። ሁለቱም ከአንድ ብሬከር ከመጡ የተገኘ ጥቅም የለም። የማንቂያውን ምልክት የሚቀበለው መሣሪያም የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ጠሪውም ተጠሪውም አብረው ይጠፋሉ።

በመጨረሻ ካቻቪቴው ከመቀመጡ በፊት አንደኛው የኃይል መስመር ይነቀልና ምልክቱ ተቆጣጣሪው ዘንድ መድረሱ ይታያል። ከዚያ የመጀመሪያው ይመለስና ሁለተኛው ይነቀላል።