ከቁራኛ እስከ ፍርድ አደባባይ፤ የባለዕዳ ነፃ መውጣት ታሪክ

ዕዳ በሰው ልጅ ጫንቃ ላይ የኖረ ጥንታዊ ቀንበር ነው። መክፈል ያቃተው ሰው ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። የዚህን ታሪክ መንገድ የተከተለ ሰው፥ ሕግ ቀስ በቀስ እጁን ከባለዕዳው ሰውነት ላይ አንሥቶ ወደ ንብረቱ እንዳዞረ፥ ስለ ምሕረቱም ዋጋ እውነተኛ ቃሉን እንደ ጠየቀ ያስተውላል።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ ይቆራኙ ነበር። ይኸውም የሁለቱ እጅ በአንድ ሰንሰለት ታስሮ፥ ወይም የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፥ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይቆዩ ነበር። ልማዱ ቢቀርም በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። በዚህ ሥርዐት ባለዕዳው ሠርቶ እንዳይከፍል ሲታሰር፥ አበዳሪውም የእስረኛው እስረኛ ይሆን ነበር።

ቅዱሳት መጻሕፍት ግን አስቀድመው ሌላ መንገድ አሳይተዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 የወንድም ዕዳ በየሰባቱ ዓመት እንዲተው ታዝዟል። በመጽሐፈ ነህምያም ምዕራፍ 5 ሕዝቡ እርሻውንና ወይኑን አስይዞ ልጆቹን ለባርነት በሰጠ ጊዜ፥ ነህምያ መኳንንቱን በጉባኤ ፊት ገሥጾ የወሰዱትን አስመልሷል። ስለዚህ የዕዳ ምሕረት ለአበዳሪው ልብ ብቻ የተተወ ጉዳይ አልነበረም፤ ሕግና ሸንጎም ነበረው።

የአውሮፓ ሕግ ወደዚህ አሳብ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጀበት። የእንግሊዝን ታሪክ ለምሳሌ እናንሣ፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1542 የወጣው የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ የከሰረውን ሰው እንደ በደለኛ ይቈጥረው ነበር። በንግሥት አን ዘመን በ1705 የወጣው ሕግ ግን ያለውን ሁሉ ሳይሸሽግ ያስረከበ ነጋዴ ከቀረው ዕዳ ነፃ እንዲወጣ ፈቀደ፤ በማታለል የሸሸገውን ግን በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። ምሕረትና እውነት በአንድ ሕግ የተገናኙት በዚህ ነው።

ነገር ግን ይህ በር የተከፈተው ለነጋዴ ብቻ ነበር። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በ1824፥ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረው አባቱ ለዳቦ ጋጋሪ 40 ፓውንድ ከ10 ሺልንግ መክፈል ስላቃተው ማርሻልሲ በተባለው ወህኒ ቤት ታሰረ። ልጁም በዚያው ወራት የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት በጉልበት ሥራ ይውል ነበር። የኪሳራ ሕግ ነጋዴ ላልሆነው ሰው የደረሰው በ1861 ሲሆን፥ በ1869ም ስለ ዕዳ መታሰር በአብዛኛው ቀረ።

በኢትዮጵያ የኪሳራ ሕግ በ1925 ዓ.ም. ታወጀ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ስለ ኪሳራ በ5ኛው መጽሐፉ ደነገገ፤ ይህንም ክፍል በ2013 ዓ.ም. የታወጀው አዲስ የንግድ ሕግ ተክቶታል። የ1952ቱ ሥርዐት የተሠራው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ስለ ነበር፥ ለቤቱ ችግር የተበደረው ተራ ሰው በዚያ በር አይገባም ነበር።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ግን በ1978 የወጣው ሕግ ለማንኛውም ባለዕዳ መንገድ ከፍቷል። በምዕራፍ 7 መሠረት፥ ሕግ ለኑሮ ከተወለት በቀር ያለው ንብረት ተሸጦ ለአበዳሪዎች ይከፋፈላል፤ በምዕራፍ 13 ደግሞ ባለዕዳው ከገቢው እየቈጠበ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከፍላል። አቤቱታው እንደ ቀረበ አበዳሪዎች በአብዛኛው ማሳደዳቸውን ያቆማሉ። ሆኖም የልጅ ቀለብ አይሰረዝም፤ አብዛኛው የትምህርት ብድርና ብዙው ግብርም እንዲሁ። ንብረቱን የሸሸገ ሰው ምሕረቱን ከማጣቱም በላይ እስራት ያገኘዋል፤ የ1705ቱ አሳብ ቅጣቱን ለውጦ እስከ ዛሬ ይኖራል።

ይህን መንገድ ለብቻ መሄድ የተፈቀደ ቢሆንም ዐዋቂ ጠበቃ መያዝ ይሻላል። ጠበቃውም በሚሠራበት ግዛት ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ፥ በዕዳ ጉዳይ ልምዱን መጠየቅ፥ ዋጋውንም በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ቅጽ ብቻ የሚሞላ ሰው የሕግ ምክር እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዋስ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባለዕዳው ነፃ ቢወጣም ዋሱ ነፃ አይወጣምና። በወንድምነት የፈረመ ሰው ሳያውቅ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ይቀራል።

እንግዲህ ቁራኛው ተፈትቷል፤ ዋስ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ በሰው ዕዳ ይያዛል። ስለዚህ ከዕዳው ሊፈታ የሚሻ ሰው ለጠበቃውና ለዳኛው እውነቱን ከመናገሩ አስቀድሞ፥ ስለ እርሱ ለፈረመው ወንድሙ ይናገር።