ከካርዳኖ እስከ ፎገራ ሜዳ፦ የተጓዳኝ ቁጥር ጉዞ



ጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ፣ 10ን ብዜታቸው 40 በሚሆን ሁለት ክፍሎች የመክፈልን ጥያቄ አነሣ። መልሱ 5 ሲደመር የነጌቲቭ 15 ስኩዌር ሩት፣ እንዲሁም 5 ሲቀነስ ያው ሩት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 25 ሲደመር 15፣ ማለትም 40 ይሆናሉ። ካርዳኖ ግን ውጤቱን ረቂቅና የማይጠቅም አድርጎ አለፈው። ከ27 ዓመት በኋላ ቦምቤሊ ለእነዚህ ቁጥሮች የስሌት ሕግ ደነገገ። ምልክታቸው ብቻ የሚለያይ ጥንዶችን ተጓዳኝ፣ ማለትም ኮንጁጌት፣ ብሎ የሰየማቸው ፈረንሳዊው ኮሺ ሲሆን፣ ዓመቱ 1821 ነበር።

ወደ ኮምፒዩተር እንለፍ። በ1966 የጸደቀው የፎርትራን ደረጃ ተጓዳኝን የሚያሰላ ፈንክሽን ነበረው። የሲ ቋንቋ ግን እስከ 1999 ድረስ አልነበረውም፤ ተጠቃሚው ራሱ መጻፍ ነበረበት። ለሳይንስ ስሌት ያን ያህል መዘግየቱ ለእኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ይህ ሁሉ ለፎገራ ምኑ ነው? ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው በወረታ ዙሪያ ያለውን የሩዝ ማሳ ያጥለቀልቁታል፤ ደመናም ሰማዩን ስለሚሸፍን ተራ የሳተላይት ፎቶ አይረዳም። በ2014 የመጠቀችው ሴንቲኔል 1ኤ ግን ደመናን በሚያልፍ ራዳር ታያለች። የምትልከው ጥሬ ምስል እያንዳንዱ ነጥብ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ የማዕበሉን ብርታትና ፌዝ ይይዛል። በተለያየ ቀን የተነሡ ሁለት ምስሎችን ለማነጻጸር አንዱን በሌላው ተጓዳኝ እናባዛለን። ያን ጊዜ የጋራው ፌዝ ይጣፋና ልዩነቱ ብቻ ይቀራል። ያልተለወጠ ደረቅ መሬት ከፍተኛ ዝምድና ያሳያል፤ ውኃ ግን ዝምድናውን ያጠፋዋል። የሚያድግ ሰብልም እንዲሁ ስለሚያደርግ፣ ዝምድና ባነሰበት ሁሉ ጎርፍ አለ ማለት አይቻልም።

አንድ ወጥመድ ልጠቁማችሁ። በማትላብ ከማትሪክስ ስም ቀጥሎ የምትጻፈው ነጠላ ጭረት ማትሪክሱን ስትገለብጥ ተጓዳኙንም ትወስዳለች። በፓይተን ነምፓይ ያለው የመገልበጫ ትእዛዝ ግን ይገለብጣል እንጂ ምልክቱን አይነካም። ፕሮግራሙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ተማሪ ይህን ከዘነጋ ኮምፒዩተሩ ምንም ስሕተት አያመለክትም። ሆኖም ፌዞቹ በመቀናነስ ፈንታ ይደመራሉ፤ አማካያቸው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በካርታውም ላይ የወረታ ከተማ ቤቶች ሳይቀሩ እንደ ተጥለቀለቀ ማሳ ይታያሉ።