ድጓው ያለ መምህሩ

«ሙዚቃን ከወረቀት ላይ አንብቦ መጫወት በአገራችን መቼ ተጀመረ?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን በቀጥታ የምንሄደው ወደ አርባዎቹ ልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሆነው አዲስ አበባ ላይ የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። ከፊታቸው ባለ አምስት መስመር ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሙዚቃ ያነባል» ማለት «ኖታ ያነባል» ማለት ሆነ። ኖታ የማያነብ ደግሞ፣ ማሲንቆውን የቱንም ያህል ቢያናግረው፣ «በልምድ የሚጫወት» ተባለ። ይኸው አባባል በግቢያችንም ዛሬ ድረስ ይሰማል።

እንግዲህ ይህ መልስ ከ360 ዓመት በላይ ይሳሳታል። አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከዘመናት ጀምሮ በጋይንትና በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ ደብሮች ዜማ የተጻፈባቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ ተማሪም ከነርሱ ላይ እያነበበ ያዜም ነበር። ጥያቄው እንግዲህ «ነበረን ወይስ አልነበረንም?» አይደለም፤ ነበረን። ይልቅስ እነዚህ መጻሕፍት ምን ዓይነት መጻሕፍት ናቸው? ምንስ ይዘዋል? ምንስ አልያዙም? ልናነሳ የፈለግነው ይህን ነው። በመጨረሻ እንደምናየው ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የዜማ መጻሕፍቱ በተለምዶ አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ እና መዋሥዕት። ድጓ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ይይዛል። ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም፣ ዝማሬ ለቅዳሴ ፍጻሜ፣ መዋሥዕት በተለይ ለሙታን ጸሎት ነው። የሁሉም ደራሲ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረው ያሬድ ነው ይላል ትውፊቱ። ከዛፍ ላይ እየወደቀ ደጋግሞ የወጣውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ሰነፍ ተማሪ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ስለሆነ እዚህ አንደግመውም። የዜማው ስልቶችም ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ።

ልብ እንበል። በያሬድና ዛሬ በድጓ ላይ በምናየው የዜማ ምልክት መካከል ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይደርሳል። ያን ሁሉ ዘመን ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ ማለት ነው። ምልክቱ የመጣው ከጥፋት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር ከተሸነፈበት ቀን አንስቶ፣ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ እስከ ወደቀበት ቀን ድረስ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ ካህናትም አለቁ፣ ተበተኑ። መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ዜማውን በቃሉ የያዘ ሰው ሲሞት ግን ከየት ይቀዳል? በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩ የሚለው ትውፊት ከዚህ ጭንቀት ጋር ተያይዞ ሲነበብ ትርጉም ይሰጣል። የብራና ጽሑፎችን የመረመሩ ሊቃውንትም ምልክቱ የወጣው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑን ይቀበላሉ። ትውፊትና ብራና እንዲህ ሲስማሙ ሁልጊዜ አይገኝም።

ለመሆኑ ጌራና ራጉኤል የሠሩት ምንድን ነው? ድጓን ገልጦ ያየ ሰው በግዕዙ ንባብ መስመሮች መካከል ሁለት ዓይነት ነገር ያገኛል። አንደኛው ጭረቶች፣ ነጥቦችና ቅስቶች ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ስማቸው ራሱ ግማሹን ሥራቸውን ይናገራል፦ ድምፅ የሚያዝበት፣ ወደ ደረት የሚወርድበት፣ የሚርከፈከፍበት፣ የሚቆረጥበት። ሁለተኛው ግን የበለጠ የሚያስደንቀው ነው። ከንባቡ በላይ በደቃቁ የተጻፉ ፊደላት አሉ፤ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት። ለባዕድ ዓይን ትርጉም የላቸውም። ቁጥራቸውም ከ500 በላይ ነው።

እነዚህ ፊደላት ምንድን ናቸው ቢሉ፣ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ካጠናው ሌላ የታወቀ ዜማ ተቆርጠው የተወሰዱ ቃላት ምሕፃር ናቸው። ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይቀላል። አንዱ ጓደኛችን «ድር ቢያብር» ብሎ ዝም ቢል፣ «አንበሳ ያስር» የሚለውን እኛው በልባችን እንጨርሰዋለን። ከዚያም ቀንሶ «ድር» ብቻ ብሎ ቢጽፍልን ነገሩ ከገባን ይበቃናል። ተረቱን ለማያውቅ ሰው ግን «ድር» ያው ድር ነው፤ ፈትል። የድጓ ምልክትም እንዲህ ነው። ፊደሉ ተማሪውን «እዚያ ያወቅኸውን ዜማ እዚህ አምጣው» ይለዋል እንጂ ዜማውን አይነግረውም። ተማሪው «እዚያ» ያለውን ካላወቀ መጽሐፉ ዲዳ ነው።

ይህን ሳያውቁ የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር አብሮት የሄደው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሊቅ ቪሎቶ፣ ካይሮ ላይ ከኢትዮጵያውያን ካህናት ስለ ዜማችን ጠይቆ ጽፏል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው፤ ከአውሮፓውያን ዜማችንን በዚያ ስፋት ለመመዝገብ ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ፊደላቱን እንደ ፈረንጅ ኖታ ቆጠራቸው፤ ይህ ፊደል ድምፅን ይህን ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ያ ደግሞ ይህን ያህል ዝቅ ያደርጋል እያለ ተረጎማቸው። አንድ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ሙሉ ሐረገ ዜማ ተሸክሞ እንደሚመጣ አልታየውም። በርናር ቬላ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ምዕራፍንና ጾመ ድጓን ፓሪስ ላይ ሲያሳትም የምልክቶቹን ዝርዝር ከምንጮቻቸው ጋር አወጣ፤ የፈረንጁ ዓለም ነገሩን በወጉ የተረዳው ከዚህ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ንጽጽር ያስፈልገናል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ጊዶ የሚባል የአሬዞ መነኩሴ ነበር። የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ዜማም እስከዚያ ድረስ ከንባቡ በላይ በሚደረጉ ምልክቶች ይጻፍ ነበር፤ ምልክቶቹም ዜማውን የሚያስታውሱት ቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ነበር። ልክ እንደኛው ማለት ነው። ጊዶ መስመር አሰመረ፤ ድምፁ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚቀመጥ ወሰነ። ዓላማውንም አልደበቀም፤ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ያለ አስተማሪ እንዲያነቡት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛ ሮም አስጠርተውት፣ ራሳቸው መጽሐፉን ይዘው ሰምተውት የማያውቁትን አንድ ቁጥር እስኪያዜሙ ድረስ ከመቀመጫቸው እንዳልተነሡ ጊዶ በደብዳቤው ተርኳል። ደስታው ከቃላቱ ይታያል።

እንግዲህ ለአንድ ችግር ሁለት መልስ ተሰጠ ማለት ነው። ጊዶ ተማሪውን ከመምህሩ ነፃ ሊያወጣው ፈለገ። ጌራና ራጉኤል ደግሞ መምህሩ እንዳይረሳ ረዱት። በመካከላችን «የኛው ኋላ ቀር ነው፣ ሁሉንም ወደ ኖታ ገልብጠን ብንገላገልስ?» የሚሉ አሉ፤ በተቃራኒውም «የኛ ምጡቅ ነው፣ ፈረንጅ አይገባውም» የሚሉ አይጠፉም። ሁለቱንም አንቀበልም። የኛው ስልት ዋጋ አለው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ዋጋው ምንድን ነው ቢሉ፣ በአምስት መስመር ላይ የማይሰፍረውን የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ መጎተትና መርከፍከፍ ሳይሸራርፍ ያስተላልፋል፤ ምክንያቱም ዜማው ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል እንጂ በወረቀት ወንፊት አያልፍም። የሚያስከፍለው ደግሞ ዕድሜን ነው። ድጓ ለመዝለቅ ረጅም ዓመታት ይጠይቃል። ሴቶች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከዚህ ጉባኤ ውጭ ኖረዋል። የእውቀቱ ቁልፍም በየኔታ እጅ ነው፤ የኔታ ካልከፈቱት በር ዝግ ነው።

የትምህርቱን አካሄድ ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ቀን መምህሩ እግር ሥር፣ ሌሊት በጨለማ በቃሉ እየደጋገመ ያጠናል። በዱሮው ወግ ተማሪው ድጓውን ራሱ ይጽፋል። ቀለሙን ራሱ ያዘጋጃል፣ ብራናው ላይ ንባቡን ይጥላል፣ ምልክቱንም ከመምህሩ እየሰማ ያሰፍራል። መጽሐፍ መጻፍና መማር አንድ ሥራ ናቸው፤ የተሳሳተው በቢላዋ ጫፍ ይፋቃል። በመጨረሻም ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወርዳል፤ የድጓ ምስክር የሚሰጠው እዚያ ነው። በግራኝ ዘመን ድጓው ተርፎ የተገኘው በዚህ ደብር ስለሆነ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ዝማሬና መዋሥዕት ለማስመስከር ደግሞ ዙር አምባ ይኬዳል። የከበሮው ምትና የመቋሚያው ዝማሜ ድጓው ላይ ሰፍሮ አናገኘውም፤ እሱን ለመማር ከአቋቋም መምህር ዘንድ ቆሞ ማየት ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ተማሪውን ማን አበላው? የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ነገሥታቱን ያመሰግናሉ። ድጓ ግን የኖረው አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለቆመው ልጅ፣ ከራሷ ልጆች ጉርሻ ላይ ኩርማን ቆርሳ በሰጠችው ባላገር እናት ጭምር ነው። ስሟ በአንድም ብራና ኅዳግ ላይ አልሰፈረም። የመምህሩ ድርሻ ደግሞ በአብዛኛው ከደብሩ መሬት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ መሬት ከደብሩ እጅ ወጣ። ገባሩ ከጭሰኝነት መላቀቁ ተገቢ ነበር፤ በዚህ አንከራከርም። ሆኖም በዚያው አዋጅ ጉባኤ ቤቱ የሚተዳደርበት ገቢ መድረቁን ያን ጊዜ ያሰበበት ሰው ጥቂት ነው።

ውጤቱን ከዜማ ቤቶቹ እናያለን። ድጓ የሚባልባቸው ሦስት የታወቁ ቤቶች አሉ፤ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ ከአፍ የሚወጣው ግን ይለያል። የቤተልሔም ዜማ አገሩን አዳርሷል። የቆማና የአጫብር ድጓ ግን በጥቂት ሊቃውንት እጅ ቀርቷል። እነዚህ ሰዎች ሲያልፉ ምልክቶቹ ብራናው ላይ እንደ ነበሩ ይቆያሉ፤ የቆማን ድምፅ ግን ከብራናው ላይ የሚያነሳው አይኖርም።

መጻሕፍቱን ለማዳን የተደረገው ሥራ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ8000 በላይ ጽሑፎችን አንስቷል፤ ቅጂዎቹም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛሉ። ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን እዚያ ተቀምጠው ሲዘረዝሯቸው ኖሩ። ማይክሮፊልም ግን የሚያነሳው ብራናን ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ዜማ በ1990ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ፣ የድጓ ገጾችን፣ የምልክቶቹን ፍቺና የአምስት መስመር ኖታውን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ያም አልበቃ ብሏቸው የአንድ መሪጌታ የተቀዳ ድምፅ ጨመሩበት። የኛ ክርክርም ይኸው ነው። የዓለም ምርጥ ሊቃውንት ሦስት መጽሐፍ ጽፈው ሲያበቁ ሰውየውን ከመጥራት አላመለጡም።

በዚህ ግቢ ውስጥ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣችሁ ጥቂት እንዳላችሁ እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁም የቆሎ ተማሪነታችሁን ትደብቃላችሁ። ለሚቀጥለው ዕትም የምንለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዳችሁ ዐሥር ዐሥር ምልክት ምረጡ። ፊደሉን ጻፉልን፣ የተቆረጠበትን ቃል ንገሩን፣ የየትኛው ቤት ዜማ እንደሆነና ከየትኛው አገር መምህር እንደሰማችሁት አስፍሩልን። ድምፃችሁንም በስልካችሁ ቅዱና አምጡ። ጽሑፉን እኛ እናባዛለን፤ ድምፁን ደግሞ ማክሰኞ ማታ ከክፍል በኋላ ተሰብስበን እንሰማዋለን።