የሲናመን ሮል ታሪክና ያልተጻፈው ሰዓት

በማኅበራችን ውስጥ ዳቦና ኬክ ጋግረው የሚሸጡ እህቶች ጥቂት አይደሉም። ቅዳሜና እሁድ ረፋድ ላይ ሲናመን ሮል ለሚፈልጉ ደንበኞች የሚያዘጋጁም አሉ። አሠራሩን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀልቤን የሳበው ሌላ ነው፤ ይህ ጥቅልል ዳቦ ከየት መጣ? ቶሎ የሚደርሰው ዓይነትስ እንዴት ተገኘ? ዋጋውንስ ማን ሲከፍል ኖረ?

ከቀረፋው እንነሳ። ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። የጥንት ግሪኮች ከየት እንደሚመጣ በትክክል አያውቁም ነበር። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ትላልቅ ወፎች የቀረፋ እንጨት ተሸክመው በገደል ላይ ጎጆ ይሠሩበታል፤ ዓረቦች ደግሞ ከሥሩ ትላልቅ የሥጋ ቁራጮች ያኖራሉ፤ ወፎቹ ሥጋውን ሲያወጡት ጎጆው ከብዶት ይፈርሳል፤ ሰዎቹም የወደቀውን ቀረፋ ይለቅማሉ። ፕሊኒ የተባለው የሮም ጸሐፊ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ዋጋ ለማስወደድ የተፈጠረ ተረት ነው ብሎ አጣጥሎታል። ነጋዴ ድሮም ነጋዴ ነው! ሆኖም እሱም በተራው ቀረፋ የሚበቅለው በኢትዮጵያውያን አገር ነው ብሎ ጻፈ። በዚያ ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ዳርቻ የቀረፋ ምድር ይባል ነበር። አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ዕቃው ከእስያ በባሕር መጥቶ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር፤ ገዢው ያየው ሻጩን እንጂ አብቃዩን አይደለም።

ፕሊኒ አንድ ነገር ይጨምራል። ቀረፋውን የሚያጓጉዙት ሰዎች ሲመለሱ የብርጭቆና የመዳብ ዕቃ፣ ልብስ፣ አምባርና የአንገት ሐብል ይዘው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ንግዱ ከሁሉ በላይ የቆመው በሴቶች ላይ ነው ይላል። ሽሙጥ ሳይሆን አይቀርም። ያም ሆኖ ከ1900 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ሴቶች በንግድ ሂሳብ ላይ ተጠቅሰው ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል።

ምርጡ ቀረፋ የሚገኘው ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው ሴሎን ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖርቱጋሎች ደረሱባት፤ በ1658 እ.ኤ.አ. ደች አስወጥተዋቸው ንግዱን ለብቻቸው ያዙት፤ በ1796 ደግሞ እንግሊዞች ተረከቡ። ጌቶቹ ቢቀያየሩም ቅርፊቱን የሚልጡት ሳላጋማ የሚባሉት የአገሬው ሰዎች ነበሩ። ልጠው የተወሰነ መጠን ማስረከብ የተጣለባቸው ግዴታ ነበር። በደች ዘመን ቀረፋ በድብቅ መሸጥ እስከ ሞት ያስቀጣል። በአውሮፓ ገበያ ቀረፋ ውድ ነበር፤ ከዚያ ዋጋ ውስጥ ለላጩ የደረሰው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ዛሬ የምናውቀው ጥቅልል ዳቦ ስሙ በይበልጥ የሚነሳው በስዊድን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳርና ቅቤ እንደልብ አይገኙም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1920ዎቹ ካኔልቡለ የሚሉት የቀረፋ ዳቦ ብቅ አለ፤ በየቤቱ የተለመደው ግን ኑሮው ሲሻሻል በ1950ዎቹ ነው። ስዊድኖች የሚበሉት ከቡና ጋር ነው። መንግሥታቸው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡናን ደጋግሞ ከልክሎ ነበር፣ አልሆነለትም እንጂ። የካኔልቡለ ቀን የመስከረም መጨረሻችን ሳይደርስ፣ በእነሱ ኦክቶበር 4፣ ከ1999 ጀምሮ ይከበራል። በዓሉን ያቋቋመው የቤት ውስጥ ጋገራን ለማበረታታት የተመሠረተ ምክር ቤት ነው።

የእነሱ ዳቦ በእርሾ የሚነሳ ነው። ቶሎ የሚደርሰው ግን የቤኪንግ ፓውደር ልጅ ነው። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ በርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ባለቤቱ እርሾም እንቁላልም አይስማማትም ነበርና በ1843 ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሳ ዱቄት ሠራላት። በ1856 ደግሞ አሜሪካዊው የኬሚስትሪ መምህር ኢብን ሆርስፎርድ በሌላ ቅመማ የፈጠራ መብት አወጣ። ምስጢሩ ቀላል ነው። ሶዳና ደረቅ አሲድ አብረው ይቀመጣሉ፤ እርጥበት ሲያገኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ሊጡም ይነፋል። ቆርቆሮው ክዳኑ ካልተገጠመ በአየሩ እርጥበት ኃይሉ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ካለ ግማሽ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ላይ ማድረግ ነው፤ ካልፈላ አልቆለታል።

ለማያውቁት አባላት፦ ሁለት ተኩል ስኒ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይቀላቀላል። ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ በጣት እየታሸ ይገባበታል፤ ከዚያ አንድ ስኒ ለሚጠጋ ወተት ቀስ በቀስ ቦታ ይሰጠዋል። ብዙ አይታሽም፤ ይደርቃል። ተዳምጦ ለስላሳ ቅቤ ይቀባና ግማሽ ስኒ ስኳር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ ጋር ይነሰነስበታል። ተጠቅልሎ ዘጠኝ ቦታ ይቆረጥና በ200 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል።

በእርሾ ሲሆን ሊጡ ሁለት ጊዜ መነሳት ስላለበት ግማሽ ቀን ሊጠጋ ይችላል። ይህኛው በአንድ ሰዓት ጊዜ ያልቃል። የአባላትን የወጪ መዝገብ ሳይ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ቀረፋና መብራት በየረድፋቸው ተጽፈዋል፤ የጋጋሪዋ ሰዓት ግን የትም የለም። ለደጋፊዎቻችን ትርፍ ብለን የምናቀርበው ቁጥር ውስጥ ይህ ያልተከፈለ ሰዓት ተደብቆ ይገኛል። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት በምናድለው ቅጽ ላይ ከቀረፋው ረድፍ በታች «የሥራ ሰዓት» የሚል እንዲጨመር ለሥራ አመራሩ አቅርቤያለሁ።