የደም ማነስን በብርሃን የሚለካው አነስተኛ መሣሪያና የደጋው ከፍታ

በደም ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን መጠን በብርሃን አማካይነት የሚለኩ አነስተኛ መሣሪያዎች፣ የላቦራቶሪ አገልግሎት ባልተስፋፋባቸው የገጠር አካባቢዎች የደም ማነስን ለመለየት ያገለግላሉ።

ከእነዚህ አንዱ በስዊድን የተፈለሰፈው ሄሞኪዩ ነው። 201 በተባለው ሞዴል ከጣት ጫፍ የተወሰደ 10 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም፣ ደረቅ ኬሚካል ባለበት ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ይቀዳል። ኬሚካሉ ቀይ የደም ሴሎችን አፍርሶ የሄሞግሎቢኑን ቀለም ይለውጣል። መሣሪያው 570 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በደሙ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይለካል። በ880 ናኖ ሜትር የሚደረገው ሁለተኛ ልኬት የናሙናውን ድፍርስነት ለማረም ነው። ውጤቱ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይታወቃል፤ መሣሪያው በባትሪም ይሠራል።

በዚሁ ዘዴ በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 27 በመቶው፣ ከ6 እስከ 59 ወራት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ደግሞ 54 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው ታውቋል። በ2008 ዓ.ም. አሃዙ በቅደም ተከተል 24 እና 57 በመቶ ነበር።

ይሁንና ንባቡ ብቻውን በቂ አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ የሰው ሄሞግሎቢን በአብዛኛው ይጨምራል። በመሆኑም ከንባቡ ላይ እንደ ከፍታው መጠን ይቀነሳል። በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ግርጌ አንስቶ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ስለሚዘልቁ ጉዳዩ በእጅጉ ይመለከታቸዋል። በቀደመው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በ3,000 ሜትር ላይ በዴሲ ሊትር 1.9 ግራም ይቀነስ ነበር። ስለዚህ 13 ግራም የተነበበላት ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ወደ 11.1 ወርዳ ከ12 ግራም በታች በመሆኗ የደም ማነስ አለባት ትባላለች። ድርጅቱ ይህን ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በ2024 አሻሽሏል።

በአንጻሩ ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም እንደሆነ አሳይቷል። ይህ በዝቅተኛ ስፍራ ከሚታየው ብዙም ያልራቀ፣ በአንዲስ ደገኞች ከሚታየው ጭማሪም የተለየ ነው። በመሆኑም ለሁሉም አንድ የሆነ ማስተካከያ በኢትዮጵያ ደጋ የደም ማነስን አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል።

የብረት ንጥረ ነገር እንክብል ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ መሣሪያው ያሳየው ንባብና የቦታው ከፍታ ጎን ለጎን መመዝገባቸው አስፈላጊ ነው።